ዛፍን የሚጠብቀው የሰው ትስስር ነው

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው የጥንት አባቶች የተናገሩት ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ኅብረት ብርታት ነው። ነገር ግን ተረቱን በጥሞና ለሚመረምረው ሰው ሌላም ምስጢር አለበት። አንበሳን የሚያስረው የድሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ሺሕ ክር ለየብቻው ተበታትኖ ቢገኝ ዝንብን እንኳ አይዝም። ክሩ ከክሩ ጋራ የተገናኘበትን ቋጠሮ፥ ብዙውን የሚያያይዘውን ክር፥ ቢበጠስም ድሩን ሁሉ የሚያላላውን ክር ለይቶ የሚያውቅ እርሱ የድሩን ኃይል ያውቃል። የሰውም ኑሮ እንዲሁ ነው። የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ተቈጥሮ ብዛቱ ቢታወቅም፥ ማን ከማን ጋራ እንደሚመካከር፥ ማን የማንን ቃል እንደሚያምን፥ ማንስ ከሁሉ ተለይቶ ብቻውን እንደ ቀረ ካልታወቀ፥ የሕዝቡ ኃይል ገና አልታወቀም። ይህን ነገር በሥርዓት የሚመረምረው የማኅበራዊ ትስስር ትምህርት ዛሬ ስለ ደን፥ ስለ አፈርና ስለ አየር ጥበቃ የሚያስቡ ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ሆኗል።

የአየሩ ነገር አስቀድሞ በአጭር ቃል ሊገለጽ ይገባል። የፋብሪካ ዘመን ከመጀመሩ በፊት፥ ማለት በ1750 ዓ.ም. ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተሰጣቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ከሚሊዮኑ የአየር ክፍል 280 ያህሉ ነበረ። ዛሬ ግን ከ420 በላይ ሆኗል። ይህም የሆነው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት በብዙ ስለ ተቃጠለ፥ ደኑም ስለ ተመነጠረ ነው። ይህ አየር ምድር ወደ ላይ የምትመልሰውን ሙቀት ይዞ ስለሚያስቀር ምድር ትሞቃለች፤ የዝናቡም ወቅት ይዛባል። ዛፍ ግን በሚያድግበት ጊዜ ይህንኑ አየር ስቦ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ከደረቅ እንጨት ክብደት እኩሌታው ገደማ ካርቦን መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ ዛፍን ማሳደግ መልካም መሆኑ ከታወቀ የሚያስቸግረው ምንድን ነው ? የሚያስቸግረውስ ደኑን የሚያጠፋው አንድ የታወቀ ጠላት አለመሆኑ ነው። አንዱ ለምድጃው፥ አንዱ ለቤቱ ማገር፥ አንዱ ለከብቱ ማሰማሪያ፥ አንዱም ለከሰል ገበያ ጥቂት ጥቂት ይቈርጣል። እያንዳንዱ የቈረጠው ትንሽ ነው፤ የሁሉም ቍርጥ ሲደመር ግን ተራራውን ያራቍተዋል። ለየጉቶው ዘበኛ ማቆም አይቻልም። አንድ ገበሬ ብቻውን ዛፉን ቢጠብቅም ጎረቤቱ ካልተባበረው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መልካም ሥራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው የሚለው ነው።

የዚህ ትምህርት መነሻ ከደን የራቀ ነበረ። በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፥ ሐድሰን በተባለ ስፍራ ከነበረው የልጃገረዶች ማሠልጠኛ ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 ልጃገረዶች ኰበለሉ። ሐኪሙ ያዕቆብ ሞሬኖ ነገሩን መርምረው ምክንያቱን በየልጅቱ ጠባይ ብቻ አልፈለጉም። ማን ከማን ጋራ እንደሚወዳጅ ጠይቀው፥ እያንዳንዷን በነጥብ፥ ወዳጅነታቸውንም በመሥመር ሥለው ባዩ ጊዜ፥ የመኰብለሉ አሳብ በዚያ መሥመር ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲሄድ ተገለጠላቸው። ይህንንም በ1934 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የሰውን ትስስር በነጥብና በመሥመር ሥሎ መመርመር የታወቀ ጥበብ ሆነ።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ማርክ ግራኖቬተር የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር ገለጡ። በሚያውቁት ሰው ረዳትነት አዲስ ሥራ ያገኙትን ሰዎች ጠይቀው፥ ወሬውን የሰሙት ዘወትር ከሚያገኙት ወዳጅ የሆኑት ከመቶው 17 ያህል ብቻ መሆናቸውን አዩ። የሚበዙት የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንድ ጊዜ ከሚያገኙት ሰው ነበረ። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ቤተ ሰብና የቅርብ ባልንጀራ የሚያውቀውን ሰውየው ራሱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ መንደር፥ ከሌላም ማኅበር ነው። ይህን ለመረዳት የኢትዮጵያ ገበሬ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው ጋራ የሚደረገው አጭር ጨዋታ፥ ከጎረቤት ጋራ ሳምንቱን ሙሉ ከሚደረገው ወግ የበለጠ አዲስ ነገር እንደሚያሰማ ያውቃልና።

ነገር ግን ወሬ መስማትና ሥራ መለወጥ አንድ አይደሉም። ዴመን ሴንቶላና ማይክል ሜሲ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ2007 ዓ.ም. እንዳስረዱት፥ ወሬ ካንድ ሰው አፍ ቢሰማ ይበቃል፤ ድካምና አደጋ ያለበትን አዲስ ሥራ ለመጀመር ግን ሰው ከአንድ የበለጠ ምስክር ይፈልጋል። አንድ ጎረቤት በእርሻው መካከል ዛፍ ቢተው ሞኝ ይባል ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ሲሆኑ ግን አራተኛው ማሰብ ይጀምራል። እንግዲህ ሩቅን ከሩቅ የሚያገናኘው ቀጭን ክር ወሬውን ያመጣል፤ ቅርብን ከቅርብ የሚያስተሳስረው ወፍራም ክር ደግሞ ወሬውን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

የዚህ ነገር ታላቅ ምስክር የኒጀር አገር ነው። ቶኒ ሪናውዶ የተባሉ አውስትራሊያዊ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በደቡብ ኒጀር በማራዲ አውራጃ ችግኝ ሲያስተክሉ ይኖሩ ነበረ። የተተከለው ሁሉ በድርቅ፥ በከብትና በአሸዋ ይጠፋ ነበረ። በ1983 ዓ.ም. በምድረ በዳው ላይ የሚታየው ቍጥቋጦ ተራ አረም ሳይሆን የተቈረጡ ዛፎች ሥር እንደ ገና ያወጣው ቅርንጫፍ መሆኑን አስተዋሉ። ከየጉቶው ጥቂት ቅርንጫፍ መርጦ የቀረውን መግረዝና መጠበቅ ብቻ ከበቃ፥ አዲስ ችግኝና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም ማለት ነው።

ሆኖም ዕውቀቱ ከተገኘ በኋላ ሥራው ወዲያው አልሰፋም። መጀመሪያ የተከተሏቸው ከአሥር የማይበልጡ ወይም ጥቂት የሚያልፉ ገበሬዎች ነበሩ፤ እነርሱም በጎረቤቶቻቸው ዘንድ መሳለቂያ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ረኃብ በመጣ ጊዜ፥ በእርሻው ውስጥ ያለውን ዛፍ ለሚጠብቅ ሁሉ እህል ይሰጥ ተባለ፤ ብዙ ሰውም ሥራውን ያዘ። እህሉ ባለቀ ጊዜ ግን፥ ሪናውዶ ራሳቸው እንደ መሰከሩት፥ ከዛፉ የሚበዛው እንደ ገና ተቈረጠ። ለምንዳ ብቻ የተጠበቀ ዛፍ ምንዳው ሲቀር ጠባቂ አጣ። ነገር ግን ጥቅሙን በዓይናቸው ያዩ ገበሬዎች አልተዉትም። ዛፍ ባለበት እርሻ ነፋሱ ረግቦ ማሽላው ሲጸድቅ፥ ለማገዶና ለከብት መኖ የሚሆንም ሲገኝ ጎረቤት አየ፤ ያየውም ጠየቀ፤ የጠየቀውም አደረገ። በሕግ ዛፉ የመንግሥት ሀብት ይባል የነበረው ቀርቶ ገበሬው የጠበቀውን እንዲጠቀምበት በተፈቀደለት መጠን ሥራው እየበረታ ሄደ። በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሔክታር ያህል መሬት በዚህ ዓይነት ዛፍ ለበሰ፤ የዛፉም ቍጥር ወደ 200 ሚሊዮን ተገመተ። ይህም አብዛኛው የሆነው ከገበሬ ወደ ገበሬ በታየና በተነገረ ነገር ነው።

ይህ አሳብ ወደ ኢትዮጵያም ገባ። በወላይታ በሁምቦ ወረዳ ያለው ተራራ ደኑ ከጠፋበት ብዙ ዘመን ሆኖት ነበረ፤ ጐርፉ አፈሩን እያጠበ ከታች ያለውን እርሻ ይጐዳ ነበረ። በወርልድ ቪዥን ረዳትነት የአካባቢው ሕዝብ 2,728 ሔክታር መሬት ከልሎ፥ ከቀሩት ጉቶዎች የአገሩ ዛፍ እንደ ገና እንዲያድግ አደረገ። ለዚህም 7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ መሬቱን የመጠቀም መብታቸውም ተረጋገጠ። ሥራው በ2009 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መዝገብ ገባ፤ በአፍሪካም ከዚህ ዓይነት ሰፊ የደን ሥራ የመጀመሪያው ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይሰበስባል ተብሎ ታሰበ። ይህ ሲከፋፈል ለአንድ ሔክታር በየዓመቱ ወደ 11 ቶን ገደማ ነው። ከዚህም ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ በአደራ የሚያስተዳድረው የካርቦን ገንዘብ ሊገዛ ተዋዋለ።

የሁምቦ ነገር በቍጥሩ ብቻ ሲታይ የአየር ሒሳብ ይመስላል። ነገር ግን ያን ሒሳብ ያቆመው ሰው ከሰው ጋራ ያደረገው ቃል ኪዳን ነው። መጀመሪያ ብዙዎች መሬታችን ይወሰድብናል ብለው ፈሩ። ከብቱን ከተራራው የከለከለ ሰው ጎረቤቱም እንደሚከለክል ካልታመነ በቀር ራሱን ይጐዳል። ስለዚህ መተማመኑ በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፥ በማኅበር ስብሰባ ጸድቆ፥ ዘበኛውም ከራሱ ከሕዝቡ መካከል ተመርጦ ተሠራ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በ1990 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ አስተምረዋል። የጋራ ደንና የጋራ ውሃ የግድ ይጠፋል የሚለው ቃል እውነት እንዳልሆነ፥ ባለ ጥቅሞቹ ደንቡን ራሳቸው ሲያወጡና እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ለብዙ ዘመን ሊጠብቁት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ምስክር አቅርበዋል። በ2009 ዓ.ም. በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት ሴቶች የመጀመሪያዋ እርሳቸው ናቸው።

የትስስር ትምህርት ግን ኅብረትን ማመስገን ብቻ ከሆነ ከተረቱ የሚበልጥ ጥቅም የለውም። የሚበልጠው ጥቅሙ አንድን ሥራ ለመጀመር ማንን መምረጥ እንደሚገባ ማሳየቱ ነው። በማላዊ አገር በ200 መንደሮች ይህ ነገር ተፈትኖ ውጤቱ በ2021 ዓ.ም. ታትሟል። ለገበሬው ሊያስተምሩት የታሰበው፥ ዝናቡን የሚይዝ ጕድጓድ ቈፍሮ በቆሎ መዝራት ነበረ። በየመንደሩ ሁለት ሁለት ገበሬዎች ተመርጠው እንዲማሩና ለሌሎቹ እንዲያሳዩ ተደረገ። በአንዳንዱ መንደር የመረጧቸው እንደ ተለመደው የግብርና ሠራተኞች ናቸው። በሌላው መንደር ግን አስቀድሞ ነዋሪው ሁሉ ስለ እርሻ ከማን ጋራ እንደሚመካከር ተጠይቆ፥ መሥመሩ ተሥሎ፥ ብዙ ሰው ሁለቱንም እንዲያውቃቸው ተብሎ ተመረጡ። ሁለቱን ሠልጣኞች የሚያውቅ ገበሬ አንዱን ብቻ ከሚያውቀው ይልቅ ወደ አዲሱ ሥራ ፈጥኖ ገባ፤ በትስስር ሥዕል የተመረጡባቸውም መንደሮች እንደ ተለመደው ከተመረጡባቸው በለጡ። ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። ለሥራ ትጉህ የሆነ ገበሬ ሁሉ ቃሉ የሚሰማ ገበሬ አለመሆኑን ነገሩ ያስረዳል።

በሌላም በኩል መካከለኛውን ስፍራ የያዘ ሰው ሁሉ ለሀብቱ ጥበቃ አይጠቅምም። በኬንያ በስተ ደቡብ ባለው ባሕር ዳር በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር በ2006 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ተደርጎ ነበረ። ዓሣ አጥማጆቹ ስለ ባሕሩ የሚመካከሩት በአብዛኛው አንድ ዓይነት መሣሪያ ከያዘው ባልንጀራቸው ጋራ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ባለ መረቡ ከባለ መረብ፥ ባለ ወጥመዱ ከባለ ወጥመድ። ከሁሉ የበለጠ የሚሰሙት ደግሞ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚሄዱት ነበሩ። እነርሱ በዳር ያለው ባሕር ሲጐዳ በቅርብ ስለማያዩት፥ በመንደሩ ዘንድ ለጥበቃው የሚነሣ አልተገኘም። አደጋውን የሚያይ ሰው ቃሉ ካልተሰማ፥ ቃሉ የሚሰማውም አደጋውን ካላየ፥ ዕውቀት በአገር ውስጥ እያለ አገር እንደ ሌለው ይጐዳል።

ይህን ወደ ደጋውና ወደ ቈላው መንደር አምጥቶ መመልከት ይቻላል። ማገዶ ለመልቀም በየቀኑ ወደ ተራራው የምትወጣ ሴት የትኛው ጉቶ እንደሚያቈጠቍጥ፥ የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፥ ከሰል የሚያከስለውም በየት በኩል እንደሚገባ ከሁሉ ይልቅ ታውቃለች። በስብሰባው ላይ ግን የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አትጠራም። ተራራው ሲከለል ማገዶ የሚቀርባት እርሷ ናት፤ የካርቦኑ ገንዘብ ሲመጣ ግን ስለ አከፋፈሉ የሚነጋገሩት ሌሎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ ለልጆቿ እራት ስትል በሌሊት ብትቈርጥ ሊፈረድባት አይገባም፤ የተበጠሰው ክር አስቀድሞ የተበጠሰው በእርሷ በኩል ነውና። ደግሞም ማገዶ የተከለከለባት ወደ ሁለተኛው ተራራ ብትሄድ፥ በዚህ የተጠበቀው ካርቦን በዚያ ይለቀቃል፤ ሒሳቡም ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ አንድን ተራራ የሚከልል ሰው በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ካላሰበና ለማገዶው ሌላ መንገድ ካላዘጋጀ ጥበቃው ጎዶሎ ነው። በሁምቦ ከጉቶው ላይ የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ መዋሉ፥ የከብት መኖም በማጭድ ታጭዶ እንዲወሰድ መፈቀዱ ይህን ጕድለት ለማቅለል የረዳ ነገር ነው።

ይህ ነገር በዛሬው ጊዜ ለኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን በመላው አገር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ቀን መውጣቱ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ችግኝን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማሳደግ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። የሚተክለውን ሰው ጥሪ ያወጣዋል፤ የሚጠብቀውን ሰው ግን ጎረቤቱ ካላየውና ካላመሰገነው፥ ከብቱንም ሲለቅ ካልገሠጸው በቀር ማንም ሊያጸናው አይችልም። በሁምቦ የታሰበው ዘመን 30 ዓመት ነው፤ ያን ዘመን የሚፈጽሙት ተራራው ሲከለል ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው። የንጹሕ ልማቱ መዝገብ ራሱ የደንን ካርቦን ጊዜያዊ ብሎ መመዝገቡ በዚህ ምክንያት ነበረ፤ ዛፉ ከተቃጠለ ወይም ከተቈረጠ የሰበሰበው ሁሉ ወደ አየር ይመለሳልና።

መልካሙ ነገር የኢትዮጵያ ሕዝብ የትስስርን ጥበብ ከሩቅ አገር የሚማረው አለመሆኑ ነው። ደቦውና ወንፈሉ፥ ዕቁቡና ዕድሩ፥ ማኅበሩና ሰንበቴው ከጥንት ወይም ካለፈው ትውልድ የቈየ ሀብቱ ነው። በዕድር ማን እንደ ቀረ ይታወቃል፤ በዕቁብ ማን እንደሚታመን ይታወቃል። እነዚህ መተማመኑን አስቀድመው የሠሩ ስለ ሆኑ የችግኝና የተራራ ጥበቃ በእነርሱ ላይ ቢደገፍ ከአዲስ መሠረት ከመጀመር ይቀላል። በወረቀት ላይ አምስት አምስት ሰው በስም መዝግቦ ቡድን ነው ማለት ግን ትስስር አይሆንም። ስማቸው በአንድ መዝገብ ስለ ተጻፈ ሰዎቹ አይመካከሩም፤ የሚመካከሩትም በመዝገብ ስለ ተለያዩ መመካከራቸውን አይተዉም። ነገር ግን ዕድርም ቢሆን ጕድለት የለበትም አይባልም። መዋጮ ለመክፈል አቅም ያጣ ድኻና አዲስ መጥቶ የሰፈረ ሰው ከውጭ ይቀራሉና፥ በዕድር ብቻ የሚሠራ ሁሉ እነዚህን ፈልጎ ማግኘት ይገባዋል።

ለአንድ ቀበሌ የሚያስፈልገው ምርመራ ብዙ ወጪና ረቂቅ መሣሪያ አያሻውም። የግብርና ሠራተኛው በየቤቱ ሲደርስ ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ስለ እርሻህ የምታማክረው ማንን ነው ? ችግር ሲደርስብህ የምትጠራው ማንን ነው ? ከሌላ ቀበሌስ የምታውቀው ማን ነው ? መልሱን በነጥብና በመሥመር ቢሥለው፥ ቃሉ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ፥ መንደርን ከመንደር የሚያገናኘው ማን እንደ ሆነ፥ ማንም ስሙን ያልጠራው ብቸኛ ሰውም ማን እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ላይ ያገኘዋል። ጥያቄው ለሴቲቱም ለወንዱም፥ ለሽማግሌውም ለወጣቱም መቅረብ አለበት፤ አባወራውን ብቻ ጠይቆ የተሣለ ሥዕል እኩሌታውን አገር የሰወረ ነው። ደግሞም የሰው ወዳጅነትና ምሥጢር የተከበረ ነገር ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ ለሌላ ነገር እንዳይውል፥ ሰውን ለመክሰሻና ለመሰለያ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሠራተኛው ግዴታ ነው። ሕዝቡ መጠየቁን ከፈራው እውነተኛውን አይመልስምና፥ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

እንግዲህ ስለ አየርና ስለ ደን የሚደረገው ምክር ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። ካርቦኑን የሚይዘው ዛፉ ነው፤ ዛፉን የሚይዘው አፈሩ ነው፤ አፈሩንና ዛፉን ሁለቱን ለልጅ ልጅ የሚያቈያቸው ግን ሰው ለሰው የሰጠው ቃል ነው። ችግኝ የሚቈጥር ሹም ቋጠሮውንም ይቍጠር፤ የትኛው እንደ ጸና፥ የትኛውም እንደ ላላ ይመልከት። ከዳር የቀረችውን ሴት ወደ ስብሰባው መካከል ማምጣት ሺሕ ችግኝ ከማደል የበለጠ ተራራውን ሊያለብስ ይችላልና።